የላሊበላ ገናና የእናቶች ጓዳ

የላሊበላ ገና ሲነሣ በመጀመሪያ በዐይነ ኅሊናችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችሁ ነጭ ለብሰው በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ገደል አፋፍ ላይ የተሰለፉትን ካህናት፣ የከበሮውን ድምፅ፣ የመቋሚያውን ስልት፣ በየዓለቱ ጫፍ የተኰለኰለውን ሕዝብ ትጠቅሱ ይሆናል። ትክክል ነው። ፎቶግራፍ አንሺውም የሚያነሣው፣ ከሩቅ አገር የመጣው ጐብኝም ወደ አገሩ ተመልሶ የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ የት አደረ? ምን በላ? ቀናት ሙሉ በእግሩ ተጕዞ ሲደርስ ያበጠ እግሩን ማን አጠበለት? ጠላውን ማን ጠመቀ? እንጀራውን ማን ጋገረ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ከገደሉ አፋፍ ወረድ ብሎ ወደ ጓዳው ይገባል። በዚያ ጓዳ ያለችውን እናት ሳናይ የላሊበላን ገና አየን ማለት የበዓሉን ግማሽ ብቻ ማየት ነውና።

ሮሃ የነበረችው መንደር

ላሊበላ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። የቀድሞ ስሟ ሮሃ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ አሠራቸው የሚባሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት በዚህች ስፍራ ነው። እነዚህ ሕንጻዎች እንደሌላው ቤት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ከመሠረት ወደ ላይ የወጡ አይደሉም። ዓለቱ ከላይ ወደ ታች እየተቈፈረ፣ ጣሪያው ቀድሞ፣ ወለሉ መጨረሻ ላይ የተፈለፈሉ ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር በላይ ነው። በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ለብቻው በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ቆሟል። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት አብያተ ክርስቲያናቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ይሁንና እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የሙዚየም ዕቃ አይደሉም። የአካባቢው ሰው አጥቢያዎች ናቸው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና የሚነሡት፣ ሙታን የሚፈቱት፣ ጐረቤት ከጐረቤት የሚታረቀው በእነርሱ ደጅ ነው። መንደሪቱ ዛሬ ከተማ ሆናለች፤ ሆቴሎችም ተሠርተውባታል፤ የአውሮፕላን ማረፊያም አላት። በገና ሰሞን ግን ያቺ የጥንቷ ሮሃ ተመልሳ የመጣች ይመስላል። እያንዳንዱ ቤት ለደብሩ ጐረቤት፣ እያንዳንዱም እንግዳ ለቤቱ ዘመድ ይሆናል።

በዚህች ስፍራ ትውፊት ውስጥ ሴቶች ያላቸው ቦታ ትንሽ እንዳልሆነም ልብ ማለት ይገባል። ሕፃኑ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡት አይታ ላሊበላ ብላ ስም ያወጣችለት እናቱ ናት ይባላል፤ ትርጕሙም ከንብና ከማር ጋር የተያያዘ ነው። የንጉሡ ባለቤት መስቀል ክብራ ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት ርዳታ በአንድ ሌሊት አሠራችው የሚል ትውፊትም አለ። በቤተ ማርያም ቅጥር በስተደቡብ በኩል ያለችው ቤተ ደናግል ደግሞ በሰማዕትነት ለሞቱ ደናግል መታሰቢያ ናት። የበዓሉ እምብርት የሆነው ቤተ ማርያም ራሱ በእናት ስም የተጠራ ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ቦታ ስለ ካህናቱና ስለ ነገሥታቱ ብቻ ተነግሮለት ስለ እናቶቹ ዝም ቢባል አግባብ አይሆንም።

ጾሙ ሲገባ ጓዳው ይነቃል

ገና በታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። ጳጕሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ በ28 ይውላል። የነቢያት ጾም የሚጀምረው በኅዳር 15 ቀን ነው። ለላሊበላ እናት በዓሉ የሚጀምረው ከዚሁ ቀን አንሥቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በላስታ ተወላጆች ዘንድ በዓሉ ድርብ ነው፤ ንጉሥ ላሊበላም የተወለደው በዚያው በልደት ቀን ነው ተብሎ ይታመናልና።

ጠላን ብቻ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ጠላ የሚጠጣው በአንድ ቀን ነው፤ የሚጠመቀው ግን በሳምንታት ነው። በመጀመሪያ ገብሱ ተለቅሞ ይነከራል፤ ከበቀለ በኋላ ደርቆ ይፈጫል፤ ያ ብቅል ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስም ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ ከብቅሉ ጋር ይጠነሰሳል፤ ጥቂት ቀን ይቆያል። ከዚያም እንኩሮው በምጣድ ይንኮራል። ይህም ከጥንስሱ ጋር ተዋሕዶ ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ተጨምሮበት፣ አፉ ተከድኖ ይጠላል። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። አንዲት ቀን ብትዛባ፣ ጋኑ በደንብ ባይታጠን፣ ወይም ውኃው ቢበዛ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያ የተባለች ሴት በቃሏ የያዘችው የቀን መቍጠሪያ አላት፤ ብቅሉ መቼ እንደሚነከር፣ ጥንስሱ መቼ እንደሚጣል፣ እንኩሮው መቼ እንደሚደርስ ከታኅሣሥ 29 ወደ ኋላ እየቈጠረች ታሰላዋለች።

ከጠላው ሌላ ደግሞ የሚፈጨው እህል፣ የሚከካው ባቄላ፣ የሚደለዘው በርበሬ፣ የሚለቀመው ጤፍ አለ። እንግዶች የሚደርሱት ከበዓሉ ቀናት አስቀድመው፣ በጾሙ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ማዕድ መዘጋጀት አለበት። አንደኛው ለመንገደኛው የሚቀርበው የጾም ምግብ ነው፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ስልጆው፣ ንፍሮውና ቆሎው። ሁለተኛው ከቅዳሴ በኋላ የሚቀርበው የፍስክ ማዕድ ነው፤ የዶሮው ወጥ፣ የበጉ ሥጋ፣ የነጠረው ቅቤ። አንዲት እናት ራሷ እየጾመች፣ በውድቅት እየተነሣች፣ ይህን ሁሉ በእጇ ታወጣዋለች።

ይህም ሥራ በአንዲት ሴት ጕልበት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። የአንዷ ጐረቤት ምጣድ ለሌላዋ ይዋሳል፤ ጋን ያላነሳት ለጐረቤቷ ታበድራለች፤ ዛሬ ለአንዷ የተፈጨ ነገ ለሌላዋ ይፈጫል። ጽዋ ማኅበሩና ሰንበቴው ዓመቱን ሙሉ ያስተሳሰሯቸው ሴቶች በገና ሰሞን ውለታቸውን እርስ በርስ ይመላለሳሉ። በሕግ ያልተጻፈ፣ ማኅተምም የሌለው፣ ነገር ግን ከብዙ መሥሪያ ቤት በተሻለ የሚሠራ የሥራ ክፍፍል መሆኑን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሁሉ ይረዳዋል።

የእግዜር እንግዳ

ወደ ላሊበላ የሚጐርፈው ሰው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በመኪናና በአውሮፕላን የሚመጣው ነው፤ እርሱ ማደሪያውን በገንዘቡ ያገኛል። ሁለተኛው ግን ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሌላም አገር ስንቁን በጀርባው አዝሎ፣ በትሩን ይዞ፣ ገደሉን በእግሩ እየወጣና እየወረደ የሚመጣው ገበሬ፣ መነኵሲትና አረጋዊት ነው። አንዳንዱ ስለት ሊያገባ፣ አንዳንዱ ለታመመ ልጁ ሊለምን፣ አንዳንዷም ዕድሜዋ ሳያልቅ አንድ ጊዜ ልትሳለም ትመጣለች።

እነዚህ መንገደኞች ሲደርሱ የአገሩ ሰው ወጥቶ ይቀበላቸዋል። እግራቸውንም ያጥባል። ይህ የእግር አጠባ ልማድ ላሊበላ ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ወጣቶቹ በየመንገዱ ዳር ማጠቢያ አስቀምጠው፣ ጐንበስ ብለው፣ ስማቸውን እንኳ የማያውቋቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እግር ሲያጥቡ ለሚያይ ሰው ነገሩ ልብ የሚነካ ነው። ከዚያም እንጀራው ይቀርባል፤ ጠላው ይቀዳል፤ መደቡ ይለቀቃል፤ ቤቱ ሲሞላ ግቢው፣ ግቢው ሲሞላ ደጁ ማደሪያ ይሆናል።

እዚህ ላይ የበዓሉን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በወንጌሉ እንደምናነበው እመቤታችን ልጇን በበረት የወለደችው ለእንግዳ ማረፊያ ስፍራ በመታጣቱ ነው። መውለጃዋ ደርሶ ማደሪያ የታጣላትን እናት በሚያስታውስ ቀን መንገደኛን ቦታ የለም ብሎ መመለስ እንዴት ይቻላል? የላሊበላ ሰው ገናን የሚተረጕመው በዚህ ነው ለማለት ይቻላል። ማሕሌቱ በቤተ ማርያም ይቆማል፤ ትርጓሜው ግን በየቤቱ ነው። ደጇን የከፈተች እናት ስብከቱን በእጇ ሰበከች ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። እግር የሚታጠብበት ውኃ ከየት መጣ? በጀሪካን ወይም በእንስራ ተሸክማ ያመጣችው ሴት ወይም ልጃገረድ ናት። ለእንግዳው የተለቀቀው መደብ የማን ነበር? ብዙ ጊዜ የራሷ የእመቤቲቱና የልጆቿ ነው። እርሷ በዚያ ሌሊት ከምድጃው አጠገብ ጐኗን ታሳርፋለች ወይም ጭራሽ አትተኛም። እንግዳ ተቀባይነት የአገር ኩራት ነው እያልን ስንናገር ዋጋውን የከፈለችው ማን እንደሆነች መርሳት የለብንም።

ሌሊቱ በቤተ ማርያም

የዋዜማው ሌሊት ሲመጣ ጓዳውም ጥቂት ያርፋል። እናቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ ጧፏን ይዛ ወደ ቤተ ማርያም ትወርዳለች። የታኅሣሥ ሌሊት በላስታ ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ነው። በዓለቱ ውስጥ የተቈፈሩት መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይተሻሻል። በቅጥሩ ውስጥ ሊቃውንቱ በማሕሌት ያድራሉ፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና እየጋለ ይሄዳል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ መቋሚያው ይነሣል ይወርዳል። ሴቶቹ በእልልታ ይመልሳሉ።

በአራስነት ወይም በሌላ ምክንያት ወደ መቅደሱ የማትገባውም ሴት ከበዓሉ አትቀርም። በዓለቱ ዳርቻ ቆማ ትሰማለች። የላሊበላ አሠራር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሕንጻው በጕድጓድ ውስጥ ስለሆነ ከላይ በአፋፉ የቆመ ሰው ድምፁን እንደ ልብ ይሰማል።

ከቅዳሴው በኋላ የሚመጣው ቤዛ ኵሉ የሚባለው ሥርዓት ነው። ቃሉ የሁሉ ቤዛ ማለት ነው። ካህናቱና ዲያቆናቱ በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ከላይ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለቱ አፋፍ ላይ፣ ሌላው ወገን ከታች በቅጥሩ ውስጥ ነው። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ላይኞቹ ሲያዜሙ ታችኞቹ ይቀበላሉ። ሰማይና ምድር በአንድነት አመሰገኑ የተባለው በዐይን ይታያል ማለት ነው። በዚያች ሰዓት በአፋፉ ከተኰለኰለው ሕዝብ መካከል እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርግ እናት ብታዩ አትደነቁ። ወር ተኩል ያህል ስትጾም፣ ስትፈጭና ስትጋግር የቆየችው ለዚህች ሰዓት ነውና።

በኩሬው ዳር የምትቆመው ሴት

በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ በዓለቱ የተቈፈረ አንድ ጥልቅ ኩሬ አለ። ልጅ ያጡ ሴቶች በገና ዕለት ወደዚህ ውኃ ገብተው ቢጠመቁ ፀንሰው ይወልዳሉ የሚል የቆየ እምነት አለ። ስለዚህ በየዓመቱ ከቅርብም ከሩቅም የሚመጡ ሴቶች በገመድ እየተያዙ ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ይወርዳሉ።

እምነት የየሰዉ ነው፤ ይህች ገጽ በማንም ጸሎት መካከል አትገባም። ነገር ግን በዚያ ኩሬ ዳር ስለምትቆመው ሴት የምንለው አለን። ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት። ባሏ አብሯት የወረደ እንደሆነ ከዳር ቆሞ ይመለከታል። በመንደሩ መካን ተብላ የምትጠራው እርሷ ናት። በእርሷ ላይ ሌላ ሚስት እንዲያመጣ የሚመክሩት ዘመዶች አሉ። ይህ ግን ከእውቀት የራቀ ፍርድ ነው። ልጅ የማጣት ምክንያት ከሴቷ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ከወንዱም ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም በአንድነት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው አንድ ጊዜ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። እንግዲህ ነገሩ የአንዲት ሴት ነውር ሳይሆን የብዙ ቤተሰብ ችግር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ልጅ ለማግኘት የሚመኙ ባልና ሚስት ወደ ጸሎቱም ወደ ሐኪሙም አብረው ቢሄዱ ይበጃል። አንድ ዓመት ያህል አብረው ኖረው፣ መከላከያም ሳይጠቀሙ ፅንስ ካልመጣ ሁለቱም መመርመር ይገባቸዋል። ዕድሜዋ ከ35 ዓመት ያለፈ ሴት ደግሞ ከ6 ወር በላይ ባትጠብቅ ይሻላል። ሴትዮዋ ውኃው ውስጥ ገብታ ስትንቀጠቀጥ ባልየው የላቦራቶሪ መርፌና ብልቃጥ የሚፈራበት ምክንያት የለም። በኩሬው ዳር እጇን ይዞ የቆመ ባል ግማሹን ሸክሟን አነሣላት ማለት ነው።

የመከራው ዘመን

ያለፉት ዓመታት ለላሊበላ ቤተሰቦች ከባድ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የውጭ ጐብኝ ቀረ። ጐብኝ ሲቀር የሆቴል አልጋ አንጣፊዋ፣ የእጅ ሥራ ሻጯ፣ ቡና አፍልታ የምታድረው ሁሉ ገቢያቸው ተቋረጠ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትለዋወጥ ቆየች። መብራቱና ስልኩ ተቋረጠ።

መብራት ሲቋረጥ በአንድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን የቤት እመቤት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። ወፍጮው ይቆማል፤ የውኃ መግፊያውም ይቆማል። ማሽኑ ተሸክሞት የነበረው ሥራ ሁሉ ተመልሶ በሴቲቱ ጀርባና ክንድ ላይ ይወድቃል። የድንጋይ ወፍጮው ከጥጉ ይወጣል፤ እንስራው እንደገና ወደ ምንጭ ይወርዳል። እንዲህም ሆኖ ጦርነቱ ከከተማዋ ከራቀ ሦስት ሳምንት ያህል እንኳ በቅጡ ሳይሞላው የ2014 ዓ.ም. ገና ተከበረ። ምእመናኑም መጡ፤ ቤዛ ኵሉም ተባለ። ያንን በዓል እንዲከበር ያደረገው የካህናቱ ጽናት ብቻ አልነበረም። ባዶ ከሆነ ጐተራ ጠርጋ፣ ያላትን ጥቂት ከጐረቤት ጥቂት ጋር ደባልቃ ማዕድ ያቀረበች እናትም አለችበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ የታየው የጸጥታ ችግርና የኑሮ ውድነቱ ሸክሙን አላቀለሉትም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ማዕዱ እየሳሳ፣ የገበያው ዋጋ እየናረ ሲሄድ እንግዳ የመቀበሉ ልማድ እንዴት ይቀጥል? ልማዱ ቢቀር ላሊበላ ዓለቱ ብቻ ይቀርላታል። ልማዱ እንዳለ በሴቶች ጫንቃ ላይ ብቻ ተጭኖ ቢቀጥል ደግሞ አንድ ቀን ጫንቃው ይሰበራል። መፍትሔው ሸክሙን ማካፈል ነው እንላለን።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ምክር ለላሊበላ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ገናን በየቤቱ እንግዳ ጠርቶ ለሚያከብር ሁሉ የሚጠቅም ነው።

አንደኛ፤ የበዓል ሥራ የቤተሰብ ሁሉ ሥራ ይሁን። በግ መግዛትና ማረድ ብቻ የወንድ ድርሻ መሆኑ ይብቃ። ወንዶች ልጆች ውኃ ይቅዱ፤ እንጨት ይፍለጡ፤ ሽንኵርት ይላጡ፤ ዕቃ ይጠቡ። የመንገደኛን እግር በአደባባይ የሚያጥብ ወጣት በቤቱ የእናቱን ድስት ቢያጥብ ክብሩ ምን ይጐድላል? እንዲያውም ትሕትናው ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፤ ለበዓል ብሎ ዕዳ መግባት አይገባም። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጡ መሰናዳት ይቻላል። አንድ በግ ለአንድ ቤት የሚከብድ ከሆነ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተካፍሎ ይረድ። እንግዳ የሚያስታውሰው የምግቡን ብዛት ሳይሆን የፊታችሁን ፈገግታ ነው።

ሦስተኛ፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ራሳቸውን ይጠብቁ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውንና የጤና ባለሙያን ያማክሩ። መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ረጅም መንገድ በእግሯ ባትሄድ፣ በሕዝብ መጨናነቅም ውስጥ ባትገባ ይመረጣል። ሕፃን ይዛ የምትወርድ እናት ልጇን ከብርድ ደራርባ ታልብሰው፤ ከገደል አፋፍም ራቅ ትበል። ትልልቆቹ ልጆች ድንገት ቢጠፉ የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድማ ትንገራቸው።

አራተኛ፤ ብዙ እንግዳ በሚያድርበት ቤት ከሰል ለኩሶ በር ዘግቶ መተኛት እጅግ አደገኛ ነው። ከፍም ከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትምም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ምድጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ፤ መስኮቱም ጥቂት ይከፈት።

አምስተኛ፤ የመጠጥ ውኃው ተፈልቶ ይቅረብ፤ መጸዳጃ ቤቱ ይጠረግ፤ በአጠገቡም የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ይቀመጥ። ብዙ ሰው በአንድ ግቢ ሲያድር የአንዱ የሆድ በሽታ ለሁሉ ይተርፋል። ከረጅም ጾም በኋላም የፍስክ ምግብ ሲጀመር ጥቂት በጥቂት ቢሆን ለሆድ ይስማማል፤ ሥጋውም በደንብ ቢበስል መልካም ነው።

ስድስተኛ፤ ወደ ላሊበላ የምትሄዱ መንገደኞች የተቀበላችሁን ቤት ባዶ እጃችሁን አትግቡበት። አንድ ኪሎ ስኳር፣ ጥቂት ቡና፣ ትንሽ ዱቄት ወይም ጧፍ ብትይዙ ለእመቤቲቱ ትልቅ እገዛ ነው። እንዲያም ባይሆን አንድ ጀሪካን ውኃ ቀድቶ ማምጣት፣ የበላችሁበትን ሳህን ማጠብ ገንዘብ አይጠይቅም።

ውድ አንባብያን፤ ገና ሲመጣ ሁላችንም በየቤታችን ማዕድ እንዘረጋለን። በዚያ ዕለት ከማዕዱ ፊት ከመቀመጣችን በፊት አንድ ነገር እናስብ። ይህን ያቀረበችልን እናት፣ ሚስት፣ እኅት፣ ወይም የቤት ሠራተኛ ከእኛ ጋር ለመብላት ተቀምጣለች ወይስ ገና በጓዳው ቆማለች? ገና የተነሣው ለአንዲት እናት ማረፊያ ስፍራ በመታጣቱ ከሆነ ያዘጋጀችልንን ማዕድ ለራሷ ቦታ እንዳታጣበት ማድረግ የሁላችንም ድርሻ ነው። የላሊበላ እናቶች ለማያውቁት መንገደኛ መደባቸውን ይለቃሉ። እኛ ደግሞ ለምናውቃት እናት ከማዕዱ ዙሪያ አንድ መቀመጫ እናስፋላት።

መልካም የገና በዓል ይሁንላችሁ።